መዳፍ የምታህል ጎማ፦ ከኪያላሚ እስከ ዶርዜ ዳገት

ባለፈው እሑድ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። የብስክሌቴን ጎማ ሚስማር ወግቶት ነው። ከእኔ በፊት የደረሰው ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ሞተረኛ ነበር። ጎሚስታው የልጁን የኋላ ጎማ ፈቶ ሲያገላብጥ ቆየና እጁን እላዩ ላይ አሳልፎ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሊሾ ሆኗል። ብለጥፍልህም ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ። ደግሞ ዶርዜ ነው የምትወጣበት» አለው።

ልጁ አልተቆጣም። ሳቅ ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አንድ ፎቶ አሳየው። የሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና ነው። ተወዳዳሪው ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ድረስ ኩርባው ላይ ተኝቷል። «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ይዩት። እነዚህ በሰዓት ከሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚበሩት። ጎማቸው አንድ ጥርስ እንኳ የለውም። እኔ በስልሳ የምሄደውን ሰውዬ ምን ያስፈራኛል?»

ጎሚስታው ፎቶውን አየ፤ ጎማውን አየ፤ ዝም አለ። እውነት ለመናገር እኔም ወዲያው የሚመለስ ነገር አልመጣልኝም። ልጁ ያሳየው ፎቶ እውነት ነው። የእነዚያ ጎማ ሊሾ ነው፤ የእሱም ጎማ ሊሾ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ ቤቴ ገባሁና የሞተር ውድድር ታሪክ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው ዛሬ የምጽፈው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። አርባ ምንጭ ላለ ሰው ውሃውን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከነገሩ ሥር እንጀምር።

«ጎማ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎማ የሚጠግነው «ጎሚስታ»፣ ጎማው የሚታሰርበት «ቸርኬ»፣ ሞተሩን የሚያቆመው «ፍሬን»፣ «ማርሹ»፣ «ካንዴላው» ሁሉም ከዚያው ወገን ናቸው። «ሊሾ»ም እንዲሁ ነው፤ በጣሊያንኛ ለስላሳ ማለት ነው። ያለቀ ጎማንም፣ ተለስኖ የተወለወለ የሲሚንቶ ወለልንም በአንድ ቃል የምንጠራቸው ለዚህ ነው። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያዎቹን መኪናዎች ካዩበት ከ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ተሽከርካሪው ወደ እኛ የመጣው ከነስሙ ነው።

ስሙ ሲመጣ ግን ዕውቀቱ ሁልጊዜ አብሮ አልመጣም። ጎማ መፍታት፣ መለጠፍ፣ መንፋት ተምረናል፤ በዚህ የእኛን ጎሚስታ የሚበልጥ የለም። የትኛው ጎማ ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው አየር፣ ለስንት ኪሎ ጭነት ይሆናል የሚለው ግን ከፎቶ ላይ አይታይም። የውድድሩ ዓለምም ቢሆን ይህን በአንድ ቀን አላወቀውም። በገንዘብም፣ በአጥንት ስብራትም ዋጋ ከፍሎ ነው የተማረው። ከፊሉንም የተማረው በእኛው አህጉር ላይ ነው።

አፍሪካ የከፈተቻቸው ዓመታት

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና የውድድር ዘመኑን አፍሪካ ላይ የከፈተባቸው ዓመታት ነበሩ። በ1983፣ በ1984 እና በ1985 መክፈቻው የተካሄደው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ በሚገኘው በኪያላሚ ነው። በ2000 እና በ2004 ደግሞ በወርቅ ማዕድኗ በምትታወቀው በዌልኮም ከተማ አጠገብ ባለው በፋኪሳ መንገድ ላይ ተካሂዷል።

የኪያላሚን ዘመን ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥር ነበረች። ኢትዮጵያ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሟን ቀደም ብላ ያሳየች አገር ነች። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የእኛ ቡድን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድቦ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ እኛም ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍን። ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲመሩ የአፓርታይድ ስፖርት በሩ እንደተዘጋ እንዲቆይ ታግለዋል። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በዚሁ ጉዳይ አልሳተፍም ብላ ስትወጣ፣ ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ሳይሮጥ ቀረ። ወርቁን ያገኘው ከ4 ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ነው።

እኛ ይህን ዋጋ ስንከፍል የሞተር ውድድሩ ዓለም ኪያላሚ ላይ ዘመኑን ይከፍት ነበር። ይህን መርሳት አይገባም። ቀጥሎ የምነግራችሁ የጎማና የቸርኬ ታሪክ የተፈጸመው በዚያ መሬት ላይ ነው።

የተሰበረው ቸርኬ

በ1983 ኪያላሚ ላይ መክፈቻውን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍሬዲ ስፔንሰር ነው። ሞተሩ ሆንዳ ነበር። በዚያው ዓመት በ21 ዓመቱ የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ኬኒ ሮበርትስን የበለጠው በ2 ነጥብ ብቻ ነው።

በ1984 ሆንዳ ለስፔንሰር ፍጹም አዲስ ሞተር ሠራለት። የዓለም ሻምፒዮኑ ከአዲስ ሞተር ጋር ሲመጣ ማን ያሸንፋል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ከውድድሩ በፊት በሚደረገው ልምምድ ላይ ከካርቦን የተሠራው የኋላ ቸርኬው ተሰበረ። ስፔንሰር ወድቆ ተጎዳ፤ በመክፈቻው ቀን መነሻው መስመር ላይ አልቆመም። በዝናብ የተካሄደውን ውድድር ያሸነፈው በያማሃ የሚወዳደረው ኤዲ ላውሰን ነው። ለላውሰን በግራንድ ፕሪ ደረጃ የመጀመሪያው ድል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሻምፒዮናውንም ወሰደው።

ትንበያው የተበላሸው ስፔንሰር ችሎታ ስላነሰው አይደለም። የሞተሩ ጉልበትም አላነሰም። ጎማውን የተሸከመችው ቸርኬ ስትሰበር ከላይዋ ያለው ሁሉ ዋጋ አጣ።

በ1985 መክፈቻውን አሁንም ላውሰን አሸነፈ፤ ስፔንሰር ሁለተኛ ሆነ። ያን ቀን ብቻ ያየ ሰው ዓመቱ የላውሰን ነው ብሎ ይፈርማል። ስፔንሰር ግን በዚያ ዓመት የ500ውንም የ250ውንም የዓለም ሻምፒዮና ጠቅልሎ ወሰደ። የመክፈቻ ቀን ውጤት ስለ ዓመቱ መጨረሻ የሚናገረው ከምናስበው ያነሰ ነው።

በትንሿ ጎማ ያሸነፈው ሰው

ወደ 2000 እንለፍ። አፓርታይድ ከወደቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። መክፈቻው ዌልኮም ላይ ነው። የሁሉም ዓይን ያረፈው ቫለንቲኖ ሮሲ የሚባለው ጣሊያናዊ ወጣት ላይ ነበር፤ በ500 ሲሲ የመጀመሪያ ውድድሩ ስለነበረ። ሮሲ ወደቀና ከውድድሩ ወጣ።

ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ጋሪ ማኮይ ነው። በዚህ ምድብ ከዚያ በፊት አሸንፎ አያውቅም። የማኮይ ምስጢር የኋላ ጎማው ላይ ነበር። አብዛኞቹ ተፎካካሪዎቹ የ17 ኢንች ቸርኬ ሲጠቀሙ እሱ የመረጠው የሚሼሊንን 16.5 ኢንች ነው። ይህ ጎማ ሲንሸራተት በድንገት አይከዳም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ማኮይ ደግሞ ሞተሩን ከኋላ እያንሸራተተ፣ ጭስ እያስነሣ የሚነዳ ሰው ነው። ጎማው ለአነዳዱ፣ አነዳዱም ለጎማው ተስማሙ። በዚያ ዓመት ሁለት ውድድር ጨምሮ አሸነፈ፤ ሲንቁት የነበሩትም በኋላ ወደ 16.5 ኢንቹ ዞሩ።

እዚህ ላይ ለሲቀላው ልጅ የምለው አለኝ። ማኮይ የመረጠው ጎማ ለሁሉም ሰው «ምርጥ» ስለሆነ አይደለም። ለእሱ አነዳድ፣ ለዚያ መንገድ፣ ለዚያ ቀን የሚሆነውን ነው የመረጠው። ጎማ መምረጥ ማለት ይህ ነው። አንድ ጎማ ሥራው ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳያውቁ ፎቶውን ብቻ አይቶ መከተል ግን መምረጥ አይባልም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

በ2004 ዌልኮም መክፈቻውን ለሁለተኛ ጊዜ አስተናገደች። ሮሲ አሁን ልጅ አይደለም፤ በሆንዳ ተደጋጋሚ ሻምፒዮን ሆኗል። የውድድሩን ዓለም ያስገረመው ግን ሆንዳን ትቶ ወደ ያማሃ መሄዱ ነው። ያማሃ ከ1992 ወዲህ የትልቁን ምድብ ሻምፒዮና አላየም። በ2003 ሙሉውን ዓመት ተወዳድሮ መድረክ ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰዉ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ «ያሸነፈው ሞተሩ እንጂ ሰውየው አልነበረም፤ አሁን ይታያል።»

ታየ። ሮሲ ከማጣሪያው አንደኛ ሆኖ ተነሣ። 28 ዙር ሙሉ ከማክስ ቢያጂ ጋር ሲተናነቅ ቆይቶ በ0.210 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ውድድር በሆንዳ፣ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ውድድር በያማሃ አሸነፈ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ካሸነፈ በኋላ ሞተሩን ከመንገድ ዳር አቁሞ ሳመው።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው። ሞተር ከሜዳው ያደርሳል። ፍልሚያው የሰው ነው። የሰውየው ፍልሚያ ደግሞ የሚጀምረው ጉልበቱን ከመጨመር ሳይሆን ጎማውን ከማዳመጥ ነው።

የአንድ ዙር ጎማ

አሁን ማጣሪያው ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ የልጁ ፎቶም ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው።

በሞተር ውድድር ሁሉም በአንድ መስመር አይነሣም። ከውድድሩ በፊት በሚደረግ ማጣሪያ አንድ ዙር በፈጠነ ጊዜ የጨረሰ ከፊት ይነሣል። ከ2013 ወዲህ ያለው ሥርዓት ይህን ይመስላል። በልምምዱ ከ1 እስከ 10 የወጡት በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ማጣሪያ ይገባሉ። የተቀሩት በመጀመሪያው ማጣሪያ ይሞክሩና ሁለቱ ፈጣኖች ብቻ ይቀላቀሏቸዋል። እያንዳንዱ ማጣሪያ 15 ደቂቃ ነው።

እስከ 2008 ድረስ ለማጣሪያ ብቻ የሚሠራ ጎማ ነበር። እጅግ ከመለስለሱ የተነሣ አስፋልቱ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ግን ዕድሜው አንድ ዙር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያበቃለታል። ስለዚህ በማጣሪያ አንደኛ መውጣት ማለት በአንድ ዙር ጎማ አንደኛ መውጣት ነበር። ውድድሩ ደግሞ ሃያና ከዚያ በላይ ዙር ነው። ቅዳሜ የተገረመበት ሰው እሑድ ጎማው አልቆ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ያዩት ብዙ ጊዜ ነው።

የጎማ መሠረታዊ ሕግ ይህ ነው፦ ለስላሳ ጎማ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ጠንካራ ጎማ ይቆያል፣ አያያዙ ያንሳል። ሁለቱንም የሚያደርግ ጎማ ገና አልተሠራም። የጎማ ምርጫ ማለት ዛሬ ከሁለቱ የቱን እንደምታጣ መወሰን ነው።

በ2007 ኳታር ላይ የተደረገው መክፈቻ ይህን በደንብ አሳይቷል። እስከዚያ ድረስ ሚሼሊን የቅዳሜውን ሙቀትና አስፋልት አይቶ በሌሊት ፋብሪካው ውስጥ አዲስ ጎማ ሠርቶ ለእሑድ ማድረስ ይችል ነበር፤ ውድድሩ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ። በ2007 ሕጉ ተለወጠ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለሳምንቱ 31 ጎማ አስቀድሞ እንዲመርጥ፣ ከዚያ ውጭ እንዳይጨምር ተደረገ። በኳታሩ ማጣሪያ አንደኛ የወጣው ሮሲ ነው፤ በሚሼሊን። ውድድሩን ያሸነፈው ግን ዱካቲ ላይ የተቀመጠው የ21 ዓመቱ ኬሲ ስቶነር ነው፤ በብሪጅስቶን። ስቶነር በዚያ ምድብ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት 10 ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሮሲ ራሱ ወደ ብሪጅስቶን ዞረ፤ የቡድን ጓደኛው ሎሬንዞ ሚሼሊን ላይ ስለቀረ በሁለቱ መካከል ግድግዳ ቆመ። የጎማ ምስጢር እንዳይወጣ ማለት ነው።

ከ2009 ጀምሮ ሁሉም ከአንድ ኩባንያ ጎማ እንዲጠቀሙ ተወሰነ፤ መጀመሪያ ብሪጅስቶን፣ ከ2016 ወዲህ ሚሼሊን። ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ከያዘ ልዩነቱ አለቀ ትሉ ይሆናል። አላለቀም።

እየመራ መንገድ የለቀቀው

በመጋቢት 2025 መክፈቻው ታይላንድ ቡሪራም ላይ ነበር። ማርክ ማርኬዝ በአዲሱ ቡድኑ ከማጣሪያው አንደኛ ሆኖ ተነሣና እየመራ ሄደ። ሰባተኛው ዙር ላይ ግን ተመልካቹን ያስደነገጠ ነገር አደረገ፤ ቀዝቀዝ ብሎ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈው።

ምን ሆነ? በአሁኑ ሕግ የፊት ጎማ ነፋስ ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ ይጠበቃል፤ መጠኑ 1.80 ባር ነው። አብዛኛውን ዙር ቢያንስ በዚያ መጠን ያልጨረሰ ተወዳዳሪ በውድድሩ ሰዓት ላይ 16 ሰከንድ ይጨመርበታል። ከፊት ብቻውን የሚሄድ ሰው ጎማው በንጹህ አየር ይቀዘቅዛል፤ ጎማ ሲቀዘቅዝ የውስጡ ግፊት ይወርዳል። ከሌላ ሞተር ጀርባ ሲሆን ደግሞ ጎማው ይሞቃል፤ ግፊቱም ይወጣል። ማርኬዝ የነፋሱን መውረድ አወቀ፣ ወንድሙን አሳልፎ ከጀርባው ተለጠፈ፣ ጎማውን አሞቀ፣ ሊያልቅ ሦስት ዙር ገደማ ሲቀር መልሶ አለፈውና አሸነፈ። በመስከረም መጨረሻ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የምንለውን እዚያም ያውቁታል ማለት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ፈጣኑ ሰው፣ እየመራ ሳለ፣ ለጎማው ነፋስ ሲል መንገድ ለቀቀ።

አሁን ልጁ ሊያነሣብኝ የሚችለውን መልስ ራሴው ላንሣው። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ባይንደር በነሐሴ 2021 ኦስትሪያ ላይ ዝናብ ሲመጣ መሪዎቹ ሁሉ ገብተው የዝናብ ጎማ ያለው ሞተር ሲቀይሩ፣ እሱ በሊሾ ጎማ መንገዱ ላይ ቀረና አሸነፈ። እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ የቀረው ጥቂት ዙር ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ዙር በእንቁላል ላይ እንደሚራመድ ሰው ነው የጨረሰው። ከኋላው የተቀመጠ ተሳፋሪ አልነበረም። ቢወድቅ ከዳር ሆኖ የሚጠብቀው ሐኪምና አምቡላንስ ነበር። ይህ የአንድ ቀን ቁማር ነው፤ ለዕለት እንጀራ የሚሆን ልማድ አይደለም።

የልጁ ሊሾና የእነሱ ሊሾ

ስለዚህ ለጥያቄው መልስ አለኝ።

የውድድር ጎማ ጥርስ የሌለው በደረቅ መንገድ ላይ መሬቱን የሚነካው ጎማ እንዲበዛ ነው። ሞተሩ ተኝቶ ሲዞር መንገዱን የያዘችው የጎማ ክፍል መዳፍ ታህላለች፤ ከእሷ ላይ ጥርስ መቅረጽ መያዣዋን መቀነስ ነው። ጎማው ለስላሳ ነው። ከውድድሩ በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሞቃል። ለአንድ ቀን ተሠርቶ በአንድ ቀን ይጣላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ጥርስ ባለው ይቀየራል፤ የጥርሱ ሥራ ውሃውን ከሥሩ እየጠረገ ማስወጣት ስለሆነ።

የልጁ ጎማ ጥርሱ የተቀረጸው ለዚህ ሥራ ነበር። አሁን አልቋል። የቀረው ፀሐይ ያደረቀው፣ ዕድሜ ያጠነከረው ጎማ ነው። ለስላሳነቱ የለም፤ ሙቀቱ የለም፤ ጥርሱም የለም። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከሩቅ ሲታዩ መምሰላቸው ብቻ ነው።

መንገዱን ደግሞ እናውቀዋለን። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በአርባ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ይህን ሁሉ ከፍታ እየተጠማዘዙ ነው የሚወጡት። ታች ሙዝና ማንጎ ያበሰለ ፀሐይ አለ፤ ላይ ጭጋግ፣ እንሰትና ቀርከሃ። ከታች በደረቅ አስፋልት የተነሣ ሞተር ዶርዜ ሲደርስ እርጥብ አፈር ያገኘዋል። ከዓባያ ቀይ ውሃ ዓይኑን ሳያነሣ የሚዞረው ኩርባ ላይ የሚያንሸራትት ጭቃ ይጠብቀዋል። የዓለም ሻምፒዮናው ተወዳዳሪ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲገጥመው ገብቶ ሌላ ሞተር ይይዛል። የእኛ ልጅ ባለው አንድ ጎማ ሁለቱንም አየር ማለፍ አለበት። ከኋላው ደግሞ ሰው አለ፤ አንዳንዴ እናት ከነልጇ፣ አንዳንዴ ሰው ከነጆንያው።

ስለዚህ የፍጥነቱ ንጽጽር ራሱ የተገላቢጦሽ ነው። በስልሳ የሚሄደው የእኛ ልጅ የያዘው ሥራ በሦስት መቶ ሃምሳ ከሚሄደው ይልቅ የጎማ ጥርስ ይፈልጋል።

ማን ይክፈል?

እስከዚህ ስጽፍ ልጁን እየወቀስኩ መስሎ ከታያችሁ ተሳስቻለሁ። ያን ቀን ጎሚስታው ሲገፋው ልጁ እውነተኛውን ምክንያት ተናግሯል። «ጋሼ፣ ሞተሩ የእኔ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ አደርጋለሁ። ቤንዚን ከእኔ፣ ጎማ ከእኔ። ከመስቀል በኋላ እገዛለሁ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ሰበብ ነበር። ልጁ ጎማው እንዳለቀ ያውቃል። ሞተሩ የአንዱ፣ ጎማው የሚያልቅበት የሌላው ሲሆን፣ ጎማ የመቀየር ውሳኔ የትም ሳያርፍ ይንከራተታል። ባለቤቱ ገቢውን ይቆጥራል፤ ነጂው ዕለቱን ይቆጥራል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ዋጋ ይከራከራል እንጂ ወደ ጎማው ዝቅ ብሎ አያይም። አደጋ ሲደርስ «ፈጥኖ ነው»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ጎማውን የሚጠይቅ የለም።

የውድድሩ ዓለም ይህን ጥያቄ የፈታው በመምከር ሳይሆን በሕግ ነው። ስንት ጎማ፣ ምን ዓይነት ጎማ፣ ምን ያህል ነፋስ ብሎ ለሁሉም እኩል ደነገገ። ማርኬዝን ያህል ሰው እንኳ ነፋስ ቢጎድለው 16 ሰከንድ ይቀጣል። እኛ ዘንድስ? በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል በአንድ ማስታወቂያ እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ አይተናል። ማገድ ቀላል ነው፤ እንጀራውን ግን አብሮ ያግዳል። ከባዱና የሚጠቅመው መካከለኛው መንገድ ነው።

ብዙ የሚያስወጣ ነገር አልጠይቅም። የሞተር ማኅበራት ተራ በሚያስከብሩበት ቦታ ላይ ጎማ ያያሉ ወይ? ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣ ሞተር ጥርስ የሌለው ጎማ ይዞ ተራ አያገኝም ቢባል ሁሉም እኩል ይገደዳል፤ ብቻውን ጎማ ገዝቶ የሚከስር ነጂ አይኖርም። ባለቤቱም ሞተሩ ተራ ሲያጣ የጎማውን ግማሽ ለመክፈል ይመጣል። ጋሞ ትልልቅ ጉዳዮችን ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ በመነጋገር የሚጨርስ ሕዝብ ነው። የሰው ሕይወት የተሸከመች ጎማም ዱቡሻ የምትበቃ ጉዳይ ነች።

የእኔ ትንበያ

የሞተር ውድድር ተንታኞች ከመክፈቻው በፊት ትንበያ ይሰጣሉ። እኔም ልስጥ። የእኛ የውድድር ዘመን መክፈቻ ኳታር ወይም ታይላንድ ላይ አይደለም፤ መስቀል ነው። ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ፣ ነጋዴው ከየከተማው፣ ተማሪው ከየትምህርት ቤቱ ወደ ደጋው ይመለሳል። በዓመቱ ውስጥ ሞተር እንደዚያ ሳምንት የሚፈለግበት ጊዜ የለም። አፈሩ ደግሞ ገና የክረምቱን ውሃ አልጨረሰም። ነጂው ከለሊት እስከ ለሊት ይመላለሳል፤ ሲደክመው አያርፍም፤ ገንዘቡ ያኔ ነውና።

ትንበያዬ ይህ ነው፦ በዚያ ሳምንት ዶርዜ ዳገትን ወጥቶ በሰላም የሚመለሰው ትልቁ ሞተር ያለው አይሆንም፤ ፈጣኑም አይሆንም። ሞተሩ ያደርሳል፤ ኩርባው ላይ የሚይዘው ግን ያቺ መዳፍ የምታህል ጎማ ነች።

ልጁ ያን ቀን በተለጠፈው ጎማ ሄደ። ጎሚስታው የሠራበትን ተቀብሎ እያየው ቆየና፣ «ከመስቀል በኋላ አልከኝ? ከመስቀል በፊት ነው እንጂ» ብሎ ተጣራ። ልጁ የሰማው አይመስለኝም፤ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር።

ጎሚስታው ግን ከኪያላሚ እስከ ቡሪራም ያነበብኩትን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል። ጎማ የሚመረጠው ከመክፈቻው በፊት ነው።

ለመስቀል ወደ አገር ቤት የምትወጡ፣ ሞተር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ሊሾ ከሆነ ለነጂው በትሕትና ንገሩት፤ ከቻላችሁም ከዋጋው ላይ አትከራከሩት። ሞተር ያላችሁ ባለቤቶች ደግሞ የዚህን ሳምንት ገቢ ለጎማ ተዉለት። ዮ ማስቃላ፤ በሰላም ገብታችሁ በሰላም ውጡ።